ድሮ ብታዩት ኖሮ

ካፒቴኑ ረጅም ንግግር አላደረጉም። «ድሮ ብታዩት ኖሮ» አሉ፣ ከዚያ ሞተሩን አስነሱ። በቃ ይኸው ነው።

ከዕረፍቱ ከተመለስን ከርመናል። ፎቶዎቹ ስልክ ውስጥ ተቀብረዋል፣ በፀሐይ የተላጠው ትከሻችንም ድኗል። ያቺ ንግግር ግን አልለቀቀችኝም። ዕቃ ሳጥብ ትመጣለች። ሊወስደኝ ሲል ትመጣለች። እስቲ ልጻፋትና ይውጣልኝ ብዬ ነው ዛሬ የተቀመጥኩት።

የሕንድ ውቅያኖስ ደሴቶች አገር ወደሆነችው ሲሼልስ የሄድነው ተግተልትለን ነው። እኔ፣ ባለቤቴ፣ ሁለቱ ልጆቻችን፣ የቅርብ ጓደኞቻችን ባልና ሚስት ከነጎረምሳ ልጃቸው፣ በዚያ ላይ ታላቅ እህቴ። እትዬ ዋና አትችልም፣ ባሕርም ትፈራለች። «እናንተ ዋኙ፣ እኔ ዕቃ እጠብቃለሁ» ብላ ነው የመጣችው። ጊዜውን አስበንበት ነው የመረጥነው። ከግንቦት እስከ መስከረም ከደቡብ ምሥራቅ የሚነፍሰው ነፋስ ባሕሩን ያናውጠዋል። ከታኅሣሥ ወዲህ ደግሞ ዝናብ ይዞ የሚመጣ የሰሜን ምዕራብ ነፋስ አለ። በሁለቱ መሃል፣ ጥቅምት አካባቢ፣ ውሃው ይረጋል፣ ይጠራልም። ልጆቹን ከትምህርት ቤት እንዴት እንዳስቀረናቸው ሌላ ወሬ ነው፣ እሱን አታንሱብኝ።

የቦታውን ውበት ልተርክላችሁ አላሰብኩም። ነጩን አሸዋ፣ ያን የተከመረ ግራጫ ድንጋይ፣ ውሃው ላይ የተጋደመውን ዘንባባ በኢንስታግራም አይታችሁታል። እውነትም እንደዚያው ነው። ዋናዋ ደሴት ማሄ አረፍን፣ በጀልባ ወደ ፕራላን ደሴት ተሻገርን፣ ከዚያ በኋላ ቀኑን ሙሉ ውሃ ውስጥ ነበርን።

ፊትን ውሃ ውስጥ መክተት

ስኖርክል፣ ማለት ማስክና መተንፈሻ ቱቦ አድርጎ ፊትን ውሃ ውስጥ ከትቶ መንሳፈፍ፣ ቀላል ነው ይባላል። ቀላል የሚሆነው ሰውነት ካመነ በኋላ ነው። ጭንቅላትህ በቱቦው መተንፈስ እንደምትችል ያውቃል፣ ደረትህ ግን አያምንም። ፊትህን ውሃ ውስጥ እንደከተትክ ትንፋሽህ ቁርጥ ቁርጥ ይላል። ዘዴው ዝም ብሎ መንሳፈፍ ነው፣ መንፈራገጥ የለም። ማስኩ ውስጥ እንትፍ ብለህ በጣትህ ታሸዋለህ፣ በባሕር ውሃ ለቅለቅ ታደርገዋለህ፣ አለዚያ ጉም ይለብሳል። ጸጉር ከጠርዙ ሥር ከገባ ውሃ ያስገባል። ጺም ያለው ሰውማ አበሳውን ነው የሚያየው። የጓደኛዬ ባል ያን ያሳደገውን ጺም ይዞ በየደቂቃው ብቅ እያለ ማስኩን ሲያፈስ ዋለ፣ ላጨው ብንለው ግን አሻፈረኝ አለ።

ካፒቴኑ የወሰዱን ሴንት ፒየር ወደምትባል ትንሽ ቦታ ነው። ደሴት ናት ለማለትም ይከብዳል። ጥቂት ድንጋይ፣ ጥቂት ዘንባባ፣ ዙሪያዋን ውሃ። ከመውረዳችን በፊት ደንቡን ነገሩን። ኮራል (ያ ባሕሩ ወለል ላይ የሚያድገው ድንጋይ መሳይ ነገር) ላይ መቆም ክልክል። መንካት ክልክል። ዛጎል ኪስ ውስጥ መክተት ክልክል። የባሕር ኤሊ ካያችሁ አታሳድዱ፣ አየር ለመሳብ ወደ ላይ ስትወጣ መንገዷን አትዝጉ። ይህን ሁሉ ሲናገሩ ፊታቸው ኮስተር ብሎ ነበር። በስልሳዎቹ መጨረሻ የሚገመቱ ሰው ናቸው፣ ቀጠን ያሉ፣ እጃቸው ገመድ የበላው።

ወረድን። መጀመሪያ የሰማሁት ድምፅ ነው። ከታች ቅርጥፍ፣ ቅርጥፍ ይላል። ምን እንደሆነ ግራ ገብቶኝ ዞር ዞር አልኩ። በቀቀን ዓሣ የሚሉት ነው። አፉ እንደ ስሙ ነው፣ ጥርሶቹ ተጋጥመው ምንቃር ሠርተዋል። በዚያ ምንቃር የሞተውን ኮራል እየፋቀ፣ ላዩ ላይ የበቀለውን አልጌ የሚሉትን ተክል መሳይ ነገር ይበላል። የዋጠውን ድንጋይ ሆዱ ውስጥ ፈጭቶ በኋላው ያወጣዋል። ከዓይኔ ፊት አንዱ ነጭ ዱቄት ለቆ ሄደ። ያ ዱቄት አሸዋ ነው። አንድ ትልቅ በቀቀን ዓሣ በዓመት በመቶዎች ኪሎ የሚቆጠር አሸዋ ሊያወጣ ይችላል። ያን ሁሉ ሰው ፎቶ የሚነሳበት ነጭ ዳርቻ ከምን እንደመጣ ለትንሹ ልጄ ስነግረው ሳቁ ለረጅም ጊዜ አላቆመም።

ከዚያ ቀለሙ መጣ። አካሉ ሰማያዊ፣ ፊቱ ጥቁር፣ የጀርባ ክንፉ ቢጫ የሆነ ዓሣ በመንጋ አለፈ። ጎረምሳው አንዲት የባሕር ኤሊ አየና እጁን እያወዛወዘ ጠራን። ከእኛ ጉዳይ አልነበራትም። ቀጭን አፏን ስንጥቅ ውስጥ አስገብታ የሆነ ነገር እየጎተተች ትበላለች፣ እንቢ ሲላት በፊት እግሯ ድንጋዩን ገፋ ታደርገዋለች። ጠጋ ብዬ ሳያት የዓይኗ ሽፋን ሲከደን ሲከፈት ይታየኛል። እትዬ ሳትቀር ገባች! የሕይወት ጃኬት ለብሳ፣ የጀልባዋን ጎማ በሁለት እጇ ጨብጣ፣ ፊቷን ብቻ ከተተች። ቱቦው ውስጥ እየጮኸች ትናገራለች። ምን እንደምትል አይገባንም፣ ግን ደስ ብሏታል።

«ድሮ ብታዩት ኖሮ»

ጀልባው ላይ ወጥተን ሁሉም በአንድ ጊዜ ያወራል። ትንሹ ልጄ ፎጣ ተጠቅልሎ፣ ጥርሱ እየተንገጫገጨ፣ ካፒቴኑን በእንግሊዝኛ ጠየቃቸው፤ «ከዓለም ሁሉ የሚያምረው ኮራል ይሄ ነው?»

የሚጠብቀው መልስ አንድ ነው። ማንም አስጎብኚ ቢሆን «አዎ» ብሎ ይገላገል ነበር። ካፒቴኑ ፈገግ አሉ። ወደ ውሃው አዩ፣ ወደ ልጁ አዩ። ቸኩለው አልመለሱም። «ጥሩ ነው። ድሮ ብታዩት ኖሮ» አሉና የሞተሩን ገመድ ሳቡ።

ትልቋ ልጄ የምትተው ዓይነት አይደለችም። ሞተሩ እየጮኸም ቢሆን ተጠግታ «ምን ነበረ?» አለቻቸው። ነገሯት። እሳቸው ልጅ ሳሉ እዚህ ቦታ ላይ ቅርንጫፍ ያለው ኮራል እንደ ቁጥቋጦ ተጠላልፎ ነበር። ከሥሩ ያለውን አሸዋ ማየት የሚቻልበት ቦታ ጥቂት ነው። እጃቸውን ዘርግተው፣ ጣቶቻቸውን አንዱን ባንዱ ውስጥ አስገብተው አሳዩዋት። «ከዚያ 1998 መጣ» አሉ።

(ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፈው፣ እዚያ የሚነገሩት እንደዚያ ስለሆነ።)

በ1998 ኤል ኒኞ የሚሉት የአየር መዛባት የሕንድ ውቅያኖስን አሞቀው። ኮራል ድንጋይ ይምሰል እንጂ እንስሳ ነው። ሰውነቱ ውስጥ ጥቃቅን አልጌዎችን ያኖራል፣ እነሱ በፀሐይ ብርሃን ምግብ ይሠሩለታል፣ ቀለሙም ባብዛኛው ከእነሱ ነው። ውሃው በበጋ ከሚደርስበት ከተለመደው ከፍተኛ ሙቀት አንድ ዲግሪ ያህል ብቻ አልፎ ለሳምንታት ከቆየ፣ ኮራሉ አልጌዎቹን ከሰውነቱ ያስወጣቸዋል። ያን ጊዜ ይነጣል። ወዲያው አይሞትም፣ ውሃው ቶሎ ከቀዘቀዘ ሊያገግም ይችላል። በዚያ ዓመት ግን አልቀዘቀዘም። ማሄና ፕራላን ባሉበት በውስጠኞቹ ደሴቶች ዙሪያ ከነበረው ሕያው ኮራል ከ90 በመቶ በላይ ጠፋ። ካፒቴኑ ለልጄ የነገሯት አንድ ነገር አለ፣ እኔም ጆሮዬን ጥዬ እየሰማሁ ነበር። በነጣበት ሰሞን ከጀልባ ሲያዩት ያምር ነበር አሉ። ቱሪስቶቹ ፎቶ ያነሱት ነበር።

ለቅሶ ቤት ወሰዱን እንዴ

ማታ ላይ ክርክር ተነሳ። የጓደኛዬ ባል፣ ባለ ጺሙ፣ አልተመቸውም። «ከፍለን ለቅሶ ቤት ወሰዱን እንዴ? ልጆቹ እንዲያ ተደስተው ሳለ ምን አስፈለገ?» አለ። ባለቤቴም ደገፈው፣ ሕፃን ልጅ ደስታው ላይ ውሃ አይደፋበትም አለ። እኔም በውስጤ ትንሽ ተቀይሜ ነበር መሰለኝ። እንዲህ ያለ ጉዞ ሰው ዓመት ሙሉ ሲያስብለት ይከርማል፣ ከዚያ አንድ ሰው መጥቶ «ያየኸው ትራፊው ነው» ይልሃል።

እትዬ እግሯን ዘርግታ ተቀምጣ ዝም ብላ ታዳምጥ ነበር። በኋላ «ቤቱ የፈረሰበት ሰው፣ እናንተ ፍርስራሹን ብታደንቁለት ምን ይበላችሁ?» አለች። ጸጥ አልን። እትዬ ስትናገር እንዲህ ናት።

እኔን ግን ያስጨነቀኝ ሌላ ነው። ልጄ ያየው ነገር ውሸት አይደለም። ዓሣው አለ፣ ኤሊዋ አለች፣ ደስታውም እውነተኛ ነው። ካፒቴኑም አልዋሹም። ሁለቱም ያዩት ያንኑ ድንጋይ ነው። አንዱ ሀብት አየ፣ አንዱ ጉድለት። ልዩነቱ ዓይናቸው ላይ አይደለም፣ ከምን ጋር እንዳስተያዩት ነው። ካፒቴኑ የሚያስተያዩበት ነገር አላቸው። ልጄ ባዶ እጁን ነው የመጣው።

የማያውቁት አገር አይናፍቅም ይባላል። ይህን ስንል ለማጽናናት ነው። ያን ማታ ግን ሌላ ነገር ሆኖ ታየኝ። የማይናፈቅ ነገር ጠባቂም የለውማ። ዳንኤል ፖሊ የሚባል የዓሣ ሀብት ተመራማሪ በ1995 ይህንኑ ስለ ሙያ ባልደረቦቹ ጽፎ ነበር። እያንዳንዱ ትውልድ ሥራ ሲጀምር ያገኘውን የዓሣ ብዛት እንደ መነሻ ይወስደዋል፣ ከዚያ የጎደለውን ብቻ ጎደለ ይላል። ቀጣዩ ትውልድ ደግሞ ከዚያ ዝቅ ካለው ይጀምራል። እንዲህ እያለ ባሕሩ ሲራቆት ማንም ብዙ የጎደለ አይመስለውም። እንግዲህ ልጆቼ መነሻቸውን እንዲህ አድርገው አስቀምጠው ሊመለሱ ነው። «ያማረ ኮራል» ሲባል ዕድሜ ልካቸውን የሚታያቸው ይህ ነው።

የደላው ሙቅ ያኝካል ትሉኝ ይሆናል። ዕረፍት ሄዶ በዚህ መጨነቅ! ልክ ናችሁ። ግን እንቅልፍ የሚነሳን ነገር መቼ ተመርጦ ይመጣል።

በማግስቱ እዚያው ተመለስን፣ እኔው ነኝ የለመንኩት። በዚህኛው ጊዜ ዓሣውን ትቼ ወለሉን አየሁ። እውነትም የተሰባበረ ቅርንጫፍ ተነጥፏል፣ ግራጫ፣ ላዩ ላይ ጭገር የመሰለ አልጌ የበቀለበት። ትናንት በዚህ ሁሉ ላይ ተንሳፍፌ አልፌ ነበር፣ ግን አሸዋና ድንጋይ ነው ብዬ ነው ያለፍኩት። ከዚያ አንድ ነገር ዓይኔ ገባ። ከሞተው ቅርንጫፍ ላይ መዳፍ የማታክል አዲስ ኮራል ወጥታለች። መሃሏ ቡናማ ነው፣ የጣቶቿ ጫፍ ግን ወይን ጠጅ፣ ጫፍ ጫፉ ላይ ነጣ ያለ። አጠገቧ ሌላ። ትንሽ አለፍ ብሎ ሌላ። ሁለት ትናንሽ ዓሦች በጣቶቿ መሃል ተሸጉጠው፣ እጄ ጥላ ሲጥል ወደ ውስጥ እልም ይላሉ፣ እጄን ስመልስ ይወጣሉ።

በኋላ ሳነብ ነገሩ አንድ ወጥ እንዳልሆነ ገባኝ። ተመራማሪዎች በሲሼልስ 21 ቦታዎችን ለዓመታት ተከታትለዋል። ከ1998 ወዲህ በ12ቱ ኮራሉ አገግሟል፣ በ9ኙ ቦታውን አልጌ ወርሶታል። ጠለቅ ያሉትና ሸካራ፣ ጉራንጉር የበዛባቸው የተሻለ ዕድል ነበራቸው። ያገገመው ገና እፎይ ሳይል በ2016 እንደገና ሞቀ፣ እንደገና ነጣ። እኔ ያየኋት ባለ ወይን ጠጅ ጫፍ እንግዲህ ከዚያ ወዲህ የበቀለች መሆን አለባት። ለካፒቴኑ ትራፊ ናት። ለእኔ ግን ያን ቀን ካየሁት ሁሉ በላይ ነበረች።

የማይሸሹት

ኩሪየዝ ደሴት ላይ ግዙፎቹ የየብስ ኤሊዎች በነፃነት ይዞራሉ። ከ1978 ጀምሮ ከሩቁ የአልዳብራ ደሴት ያመጧቸው ናቸው። አንዱን አንገቱ ሥር ስታኩት በአራት እግሩ ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ አንገቱን አስረዝሞ ዓይኑን ይጨፍናል። ልጆቹ ከዚያ ሊነሱ አልቻሉም። ቆዳው ደረቅ ነው፣ ሲነኩት ግን ይሞቃል፣ በፀሐይ ውሎ።

እነዚህን በመርከብ ዘመን መርከበኞች በሕይወታቸው እየጫኑ ይወስዷቸው ነበር። ያለ ምግብና ያለ ውሃ ወራት ይቆያሉ፣ በየመንገዱ ትኩስ ሥጋ ይሆናሉ። የሌሎቹ ደሴቶች ኤሊ እንዲህ አለቀ። ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል። በ1874 ዳርዊንና ሌሎች ሳይንቲስቶች ለሞሪሸስ ገዢ ደብዳቤ ጽፈው የአልዳብራዎቹ እንዲጠበቁ ጠየቁ። ዛሬ አልዳብራ ላይ ወደ 100 ሺህ የሚጠጉ አሉ። ቁጥሩን ስሰማ ልብ ያላልኩት ነገር ነበር። ልብ ያልኩት በማግስቱ ነው።

የሰለቸቻት ወፍ

ኩዛን የምትባል ትንሽ ደሴት አለች። የመጣህበት ጀልባ እዚያ አይጠጋም። የደሴቲቱ ጠባቂዎች በራሳቸው ጀልባ መጥተው ይወስዱሃል፣ ምክንያቱም በእንግዳ ጀልባ ተደብቃ አንዲት አይጥ ብትገባ የወፎቹ ነገር አበቃለት። ጀልባዋን በፍጥነት እየነዱ አሸዋው ላይ ነው የሚሰቅሏት። እትዬ ስሙን የማላውቀውን መልአክ ሁሉ ጠራች።

ውስጥ ስትገባ ወፉ ሰው አይፈራም። ነጫጭ ወፎች ጎጆ ሳይሠሩ፣ ባዶ ቅርንጫፍ ላይ፣ ትንሽ ጎድጎድ ያለች ቦታ ፈልገው አንድ እንቁላል ያስቀምጣሉ። እንቁላሉ እንዳይወድቅ ከምን ጋር እንደተያዘ አይታይህም። ጥቁሯ ወፍ ደግሞ፣ ክንፏ ላይ ነጭ ምልክት ያላት፣ ከኋላ ከኋላችን ተከተለችን። እግራችን ቅጠሉን ሲገለብጥ ከሥር የሚወጣውን ነፍሳት እየለቀመች ነው።

ጠባቂዋ ወጣት ሴት ናት። አንድ ዛፍ ሥር አቆመችንና ጣቷን ወደ ላይ ቀሰረች። ቡናማ ነገር፣ ከድንቢጥ የማትበልጥ። ለፎቶ እንኳ የማትሆን። ሲሼልስ ዋርብለር ይሏታል። በ1968 በዓለም ላይ የቀሩት ከ30 ያነሱ ነበሩ፣ ያሉትም እዚህች ደሴት ላይ ብቻ። ደሴቲቱ ደግሞ የኮኮናት እርሻ ነበረች። በዚያው ዓመት የወፎች ጥበቃ ማኅበራት ገንዘብ አሰባስበው ገዟት። ትልቁ ሥራ ኮኮናቱ ቦታ እንዲለቅና የአገሩ ዛፍ እንዲመለስ ማድረግ ነበር። ዛፉ መጣ፣ ነፍሳቱ መጡ፣ ወፏ ተራባች። ደሴቲቱ ስትጠባት ከ1988 ጀምሮ ጥቂት ጥቂቱን እየያዙ ወደ ሌሎች ደሴቶች አሻገሯቸው። ዛሬ ከ3000 በላይ ናቸው።

አንድ ነገር ጨመረችልን። የዚህች ወፍ ሴት ልጆች ብዙ ጊዜ ካደጉም በኋላ እናት አባታቸው ጋር ይቀራሉ፣ ታናናሾቻቸውን አብረው ይመግባሉ። ሁላችንም ዞር ብለን እትዬን አየናት። እኔን ያሳደገችኝ እሷ ናት። «ምነው፣ እኔን ነው የምታሙት?» አለች።

እየሄድን ወፏ እዚህም አለች፣ እዚያም አለች። ጠባቂዋ በየደረስንበት «ይህችም እሷ ናት» ትላለች። ትልቋ ልጄ መጀመሪያ አፏን ከፍታ ነበር የምታየው። ሁለተኛዋን አየች። ሦስተኛዋን ጠቆመች። ከዚያ በኋላ ሌላ ስትመጣ ቀና እንኳ ሳትል በአማርኛ «ይቺንማ አየናት፣ ሌላ ወፍ የለም?» አለችኝ።

ልቆጣት አፌን ከፈትኩ። ከ30 ያነሱ ነበሩ እኮ ልላት ነው። ከዚያ አፌን ዘጋሁ።

እስቲ አስቡት። በ1968 እዚህ ዛፍ ሥር የቆመ ሰው ይህችን ወፍ ካየ ትንፋሹን ውጦ ነው የሚያያት። የመጨረሻዋ ትሆን ይሆናል። ዛሬ አንዲት የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሰልችታታለች። ያ ሁሉ ሰው የደከመው ለዚህ ነው፣ ወፏ እንድትሰለች። ብርቅ እንዳትሆን። ልጄ ማመስገን አይጠበቅባትም፣ ምንም ሳታውቅ ሌላ ወፍ መጠየቅ መብቷ ነው። አለማወቅን ያን የክርክሩን ማታ እንደ በሽታ ነበር ያየሁት። እዚህ ደግሞ ያው አለማወቅ የድል ምልክት ሆኖ ቁጭ አለ።

ታዲያ የቱ ነው ልኩ? እዚያው ቆሜ ሳወጣ ሳወርድ ነበር። ባሕሩ ላይ የልጆቼ መነሻ ዝቅ ብሏል። ደሴቲቱ ላይ ከፍ ብሏል። ሁለቱም በአንድ ሳምንት፣ በአንድ ጀልባ ርቀት ላይ። «ተፈጥሮ እየጠፋች ነው» የሚለውን ይዤ ብሄድ ወፏ ታሳጣኛለች። «ከተጠበቀ ይድናል» ብዬ ብሄድ ደግሞ ኮራሉ አለ። ኩዛን ዙሪያ ያለውን ባሕር ማንም አያጠምድበትም፣ መልሕቅ አይጥልበትም፣ ሙቀቱ ግን ገባ። አጥር አይከለክለውም። በ2010 የተጀመረ ፕሮጀክት አለ፣ ከ1998 የተረፈውን ኮራል እየቆረጡ በገመድ ላይ አሳድገው መልሰው ይተክላሉ፣ ከ20 ሺህ በላይ ተክለዋል። ጎበዞች ናቸው። ግን አይጥን በጀልባ ቁጥጥር ማስቀረት አንድ ነገር ነው፣ ሙቅ ውሃን ማስቀረት ሌላ። የወፏን ዓይነት ታሪክ ከባሕሩ መጠበቅ የዋህነት ይመስለኛል። ባለቤቴ በዚህ አይስማማም።

ካፒቴኑ ሲስቁ

ስንመለስ ልጄ ከካፒቴኑ አጠገብ ሄዳ ተቀመጠች። ስለ ኮራሉ አላነሳችም። «እርስዎ ልጅ ሆነው ያችን ቡናማ ወፍ ያዩዋት ነበር?» አለቻቸው።

«የትኛዋን?»

ነገረቻቸው። ሳቁ። ሲስቁ ያን ጊዜ ነው ያየኋቸው፣ ከታች ሁለት ጥርስ የላቸውም። እዚሁ ተወልጄ፣ እዚሁ አድጌ፣ ያችን ወፍ ያየኋት ጎልማሳ ከሆንኩ በኋላ ነው አሉ። ልጅ ሳለሁ ስሟንም አልሰማሁ። «አሁንማ ማን ይቆጥራቸዋል!»

ስለ ኮራሉ ሲያወሩ የነበረው ፊት አልነበረም። እኒህ ሰው የከሰሩትም ያተረፉትም በአንድ ዕድሜ ነው፣ ሁለቱንም ሲነሷቸው ይናገራሉ፣ አንዱን ባንዱ አያጣፉትም። ጓደኛዬ ባሏን በክርኗ ጎሸም አደረገችው። እሱ ጺሙን እያሸ ወደ ባሕሩ አየ።

ያን ማታ እትዬ አንድ ሐሳብ አመጣች። የልጅ ነገር ይረሳል፣ ያያችሁትን አሁኑኑ ጻፉት አለች። ፎቶ አለን እኮ ብንላት፣ ፎቶ ያማረውን ብቻ ነው የሚያሳየው ብላ እንቢ አለች። ልክ ናት፣ የተሰባበረውን ኮራል ማናችንም ፎቶ አላነሳነውም። ደብተር ወጣ። ቦታው፣ ቀኑ፣ ውሃው ጥሩ መሆን አለመሆኑ፣ ምን ታየ፣ ስንት። ትልቋ ስለ ወለሉም ጻፈች፣ «ብዙው ግራጫ፣ አዲስ የበቀለ ትናንሽ አለ» ብላ። የካፒቴኑንም ቃል በተለየ መስመር አስገባችው፣ ልጅ ሳሉ እንዴት እንደነበረ። ያቺን ቡናማ ወፍ ጋ ስትደርስ ቁጥር ለመጻፍ እርሳሷን አነሳች፣ ትንሽ አሰበችና «ብዙ» ብላ አለፈች።

ደብተሩ አሁን መደርደሪያው ላይ ነው። ልጆቹ በኔ ዕድሜ ሆነው እዚያ ቢመለሱ የሚከራከሩበት ነገር ይኖራቸዋል ብዬ አስባለሁ። ችግሩ ትንሹ ልጄ ነው። ኩሪየዝ፣ ባሕር ዳር ውሃ ውስጥ የሚበቅለው የማንግሮቭ ዛፍ ጋ፣ ከእንጨት ድልድዩ ላይ ሆነን አንዲት ትንሽ ሻርክ አይተን ነበር፣ ክንድ የምታክል። እሱ «ሻርክ 5» ብሎ ጽፏል። እህቱ ሰርዛ 1 አደረገችው። እሱ መልሶ 5 አደረገው። ወረቀቱ እዚያ ጋ ሊቀደድ ምንም አልቀረው፣ አሁንም አልተስማሙም።